በሎሚ የታሹት ባለ ስንዴ ሳንቲሞች

ለየሺ፣ ለሚስቴ።

እንደምን ከርመሻል? እኔ ተቆጥቼ ከርሜያለሁ። ከተለያየን ነገ ዓመት ይሞላናል። የሚጽፈው የልጃችን የማርታ እጅ ነው፤ የሚናገረው ግን እኔ ነኝ። እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም። አሁን ልማር ብል ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ እውነቱን ለመናገር ኩራቴም አይፈቅድም። ስለዚህ ልጅሽን ከፊቴ አስቀምጬ «የምለውን ብቻ ጻፊ፤ እንዳታሳምሪው» ብያታለሁ። ፊቷን ቋጥራ እየጻፈች ነው። ፊቷን መቋጠሯንም ጻፊ ብያታለሁ።

ይህ ደብዳቤ ነገ በዓመትሽ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይነበባል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፤ አለበለዚያ እንደ ልማድሽ «አንተ ወሬ አታውቅም» ትዪኛለሽ።

ማርልቦሮ ሰፈር፣ ከሰው ቤት ሥር የተከራየነውን ቤዝመንት ለቅቄያለሁ። ማርታ «ብቻህን አትሆንም» ብላ ስካይቪው ራንች የሚሉት ሰፈር፣ እሷ ቤት ወስዳኛለች። ቤቱ አዲስ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ነጭ፣ ሶፋው ነጭ። በተቀመጥኩበት ሁሉ የማቆሽሽ ይመስለኛል። ፍሪጁ ደግሞ ማግኔት አይይዝም። ያ ሳንቲም የምትፈትኚበት የፈረስ ጫማ የመሰለ ማግኔትሽ አለ አይደል? ስለጥፈው ይወድቃል፣ ስለጥፈው ይወድቃል። «ማግኔት የማይይዝ ፍሪጅ ምን ዓይነት ፍሪጅ ነው?» ብላት «ስቴንለስ ነው አባዬ» አለችኝ። ስሙን አልጠየቅኳትም። ማግኔቱን አሁን ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

አየሩ እንዳለ ነው። አንቺን የቀበርን ዕለት መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ትናንት ደግሞ ያ ሺኑክ የሚሉት ነፋስ መጥቶ በረዶውን በግማሽ ቀን አቅልጦት፣ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ ዋለ። ራስሽን ያምሽ የነበረው ነፋስ ነው። «ይቺ አገር አቋም የላትም» ትዪ ነበር። አሁንም የላትም።

ወሬው አለቀ። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ሳንቲሞችሽ ታጥበዋል፣ የሺ።

ነገ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ነገሩን አያውቅምና ከሥሩ ልናገረው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ስሚ።

ሞል የሚሉት የገበያ ማዕከል ውስጥ ምግብ ቤት ካሸር ሆነሽ በምትሠሪበት ጊዜ ካናዳ አንድ ሳንቲሟን ገና አልተወችም ነበር። ባለ ቅጠሏን ማለቴ ነው። በመሀል የአሜሪካኖቹ ሳንቲም ተቀላቅላ ትመጣለች፤ መጠኗ ያው፣ መልኳ ያው፣ ማንም ልብ አይላትም። አንድ ቀን ከሺፍት ስትመለሺ ኮትሽን እንኳ ሳታወልቂ አንዲት ጥቁር ሳንቲም መዳፌ ላይ አኖርሽ። በአንድ ፊቷ ጺማም ሰውዬ አለ። ስገለብጣት ግን በግራና በቀኝ ሁለት የስንዴ ዛላ ቆሟል። «አንተ የስንዴ ሰው፣ ይኸው ስንዴህ እዚህም ተከትሎህ መጣ» አልሽኝ።

እኔ ጎልማሳነቴን የጨረስኩት ናዝሬት ዱቄት ፋብሪካ የስንዴ ጆንያ ስሸከም ነው። በስንዴ ነገር ማንም አያታልለኝም። መስኮት ጋ ወስጄ አየኋት። ዛላው ሙሉ ነው፤ ጢሙም ረጅም። «ይህን የቀረጸው ሰው ስንዴ ነክቶ ያውቃል» አልኩሽ። አንቺ ሳቅሽብኝ። እንዲያ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ የምግብ ቤቱን ባለቤት አስፈቅደሽ፣ ባለ ስንዴ በመጣች ቁጥር ከራስሽ ቦርሳ ሳንቲም ሰጥተሽ እሷን ታወጪ ነበር። አሜሪካኖቹ ስንዴዋን የተዉት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ስለዚህ የመጣችው ሁሉ አሮጊት ናት። ኋላ ካናዳም አንድ ሳንቲም አያስፈልገኝም ብላ ተወችው። የሚሠራ ነገር እንዴት ይጣላል ብዬ ያኔም ተናድጄ ነበር። አንቺ ግን አልተውሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ በታራዴል ሰፈር በኩል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ የሚሸጥበትን ጋራዥ ሴል እየዞርን የሰው ብስኩት ጣሳ ስንገለብጥ እንውላለን።

ባለ ስንዴ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ማተሚያው የሳተባቸው አሉ፤ አንቺ የምትፈልጊው እነሱን ነበር። ስምም አወጣሽላቸው። ብረቲቱ አለች፤ በትልቁ ጦርነት ጊዜ መዳብ ለጥይት ሲፈለግ በብረት የተመታችው፣ ማግኔት የሚይዛት። ባለ ጥላዋ አለች፤ ከዓመቷ ቁጥር ሥር ያለችው ትንሽ ፊደል ሁለት ጊዜ ተመትታ፣ አንዷ ከሌላዋ ጀርባ ብቅ ያለችባት። ባለ ዱላዋ አለች፤ ከጺማሙ ሰውዬ ኋላ ባለው ጽሑፍ፣ በሁለት ፊደሎች መሀል፣ አንዲት ቀጭን ዱላ ያለ ቦታዋ የቆመችባት። ማተሚያው ሲሰነጠቅ የወጣች ጭረት ናት።

ባለ ዱላዋን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ይህ ይጻፍ። አንቺ ጽሑፉን አንብበሽ አልፈሻት ነበር። እኔ ምንም የማነበው ስለሌለኝ ቅርጹን ነበር የማየው። «ይቺ ዱላ ሌሎቹ ላይ የለችም» አልኩሽ። በማጉያ መነጽር አየሻት። ከዚያ ስልክ አንስተሽ «ፊደል ያልቆጠረው ባሌ ፊደል ቆጠረ» እያልሽ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሽ። ስታሞግሺኝም ስድብ አይቀርልኝም።

ፍሊ ማርኬት የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበር። እሱ ነው «ጥቁረቷን እንዳትነኪ፤ ጥቁረቷ ቆዳዋ ነው፤ አንዴ ከተላጠች ተራ አንድ ሳንቲም ናት እንጂ ሌላ ነገር አይደለችም» ያለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ። አይታጠቡም። አይታሹም። በጠርዛቸው ይያዛሉ እንጂ ፊታቸው አይነካም። እኔ አንድ ቀን ረስቼ በአውራ ጣቴ ብይዛት «እጅህን!» ብለሽ የጮኽሽብኝ ጩኸት፣ ከላይ ያለውን አከራያችንን ምን ተፈጠረ ብሎ እስኪወርድ አደረሰው። እያንዳንዷን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ በየጎድጓዳዋ አስተኝተሽ፣ ክዳኑን በቀስታ ትዘጊ ነበር። ለልጅሽ እንኳ እንዲያ አልተጠነቀቅሽም። ማርታ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማለች። ጻፊ፤ እውነት ነው።

ታዲያ በሳልስትሽ ዕለት ምን ሆነ?

ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሴቶቹ ኩሽናውን ይረከባሉ፤ የቤቱ ባለቤት በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ይሠራሉ፣ ያጥባሉ፣ ይወለውላሉ፣ መሳቢያ ይከፍታሉ። ማንም አዟቸው አይደለም፤ ወጉ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ በላይነሽ የማንኪያውን መሳቢያ ስታጸዳ የእንቁላል ካርቶንሽን አገኘች። ከፈተችው። በየጎድጓዳው ጥቁር ሳንቲም። የታመመች ሴት ሳታጥበው የቀረ ዕቃ መሰላት። ሎሚ ቆረጠች፣ ጨው ነሰነሰች፣ የድስት ሽቦ አነሳች። ሌሎቹም «ነፍስ ይማር» እያሉ ተጋገዟት።

ጋቢዬን ተከናንቤ ከመኝታ ቤት ስወጣ ሳንቲሞችሽ ትሪ ላይ ተደፍተው እንደ አዲስ የኮት ቁልፍ ያብረቀርቃሉ። ካርቶኑ ቆሻሻ ውስጥ ነው። በላይነሽ እጇን እያደረቀች «ጋሼ ደምሴ፣ አሳመርንልዎት» አለችኝ።

አንዷን ከትሪው ላይ አነሳሁ። በጠርዟ አልያዝኳትም። በአውራ ጣቴ ፊቷን ተጭኜ ያዝኳት፤ የሆነ ነገር ካልተጫንኩ የምጮህ መሰለኝ። ከዚያስ ምን አልኩ? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሥራውን ትቶ፣ ከእኔ ጋር አልቅሶ፣ ወለሌን የወለወለን ሰው እንዴት እቆጣለሁ? ለቅሶ ደራሽ አይሰደብም። ያንን «እግዜር ይስጥልኝ» ዓመት ሙሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤው ከረምኩ።

ኋላ ብቻዬን ስሆን በማጉያሽ አየኋቸው። ባለ ዱላዋ ዱላዋ የለም፤ ከፀጉር የቀጠነች ጭረት ነበረች፤ ሽቦው በላት። ባለ ጥላዋ ጥላዋን ተገፍፋለች። ብረቲቱን ሎሚው ነካክቷት አሁን ዝጋለች፤ ማግኔት ይይዛታል፣ ግን እጄ ላይ ቀይ ዱቄት ትተዋለች። የመጣው እንግዳ ሁሉ ግን «ውይ ሲያምሩ» ይላል። ማርታ በመስታወት ዕቃ አድርጋ ሳሎን አስቀመጠቻቸው። ከነጩ ቤት ጋር ይሄዳሉ አለች። ይሄዳሉ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ይህንንም ዋጥ አድርጌ እሞት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የሆነው ግን አላስቻለኝም።

ማርታ ለዓመትሽ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ጻፈች። ቁጭ አድርጋ አነበበችልኝ። «ወይዘሮ የሺ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁ፣ ለሁሉ አንገታቸውን የሚደፉ እናት ነበሩ» ይላል። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሲያልቅ «ጥሩ ሴት ናት፤ ማናት?» አልኳት።

ፎቶሽንም አሳየችኝ። ግንባርሽ ላይ አንድ መስመር የለም። ከአንገትሽ ላይ ንቅሳትሽ የለም። የሺ፣ ንቅሳትሽ የለም። ያ ሲነቀስ ሦስት ሴት ይዞሽ የጮኽሽበት፣ ኋላ ግን ነጠላሽን ዝቅ እያደረግሽ የምታሳዪው ንቅሳት። «ምን አደረግሽው?» ብላት «ኤዲት አደረግኩት አባዬ፣ ክሊን እንዲሆን ነው» አለችኝ።

ክሊን። ያኔ ፈነዳሁ። «እናትሽንም በሎሚ አሸሻት» አልኳት። አለቀሰች። «ሰው ምን ይላል? በሞተ ሰው ላይ ክፉ ይወራል ወይ?» አለችኝ። «እኔ ክፉ መቼ አወራሁ? እናትሽን ነው ያወራሁት» አልኳት። ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች። ሁለት ቀን በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ኖርን። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። «እሺ፤ አንተ ንገረኝ» አለች። ግትርነቷ ከአንቺ ነው፤ ግትርነቷን መተዋ ከማን እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ነገ የሚነበበው ይህ ነው።

አንቺ ዝምተኛ አልነበርሽም። አከራያችን በጥር ብርድ ማሞቂያውን ሲቀንስብን ጋቢሽን ለብሰሽ ወደ ላይ ወጣሽ፤ ሳሎኑ ገብተሽ ሶፋው ላይ ተቀመጥሽ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛሽ «ቤቴ እስኪሞቅ እዚህ ነኝ» አልሽው። ሚስቱ ሻይ አቀረበችልሽ። ሻዩ ቀጠነ ብለሽ ተናገርሽ። ማሞቂያው ግን ጨመረ።

ትሑትም አልነበርሽም። ካርታ ስትጫወቺ ታጭበረብሪያለሽ። ጆከር ከእጅጌሽ የወደቀ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያፈጥብሽ «እግዜር ለጸሎተኛ ይልካል» ብለሽ መልሰሽ ከካርታሽ ጨመርሽው። ጋራዥ ሴል ላይ የአንድ ጣሳ ዋጋ ለማስቀነስ ያልታመምሽው በሽታ የለም፤ እኔ አፍሬ መኪና ውስጥ አጎነብስ ነበር። በሰው ፊት «ጋሼ» ትዪኛለሽ፤ በሩ ሲዘጋ «አንተ ግትር» እሆናለሁ።

ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ወገቤ የተያዘ ጊዜ ከሺፍት መጥተሽ ካልሲ ታለብሺኝ ነበር። እየሰደብሽኝ። «እግር ነው ወይስ ግንድ ያበቀልከው» እያልሽ። ወንድ ልጅ ካልሲ በሚስቱ እጅ ሲለብስ ያፍራል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይልቅ አፍራለሁ። ለስድብሽ መልስ ስፈልግ ግን ማፈሩን እረሳው ነበር። ይህን አውቀሽ እንደምታደርጊው የገባኝ ከሄድሽ በኋላ ነው። ይህን የትኛው «ትሑትና ዝምተኛ» ይናገረዋል?

አሁን የትናንቱን ልንገርሽ።

በላይነሽ ለዝግጅቱ ልታግዝ ስካይቪው ድረስ መጣች። ሽንኩርቱ ተልጦ ሲያልቅ ዓይኗ መስታወት ዕቃው ላይ አረፈ። «ጋሼ ደምሴ፣ እነዚህ ደብዝዘዋል እኮ። ለነገ ላብራቸው» አለችና በአንድ እጇ ዕቃውን፣ በአንድ እጇ ሎሚውን አነሳች።

ነጠቅኳት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከእንግዳ ሴት እጅ ነጠቅኩ። ዓመት ሙሉ የያዝኩት አጥንት ወጣ። ዱላዋን ነገርኳት፣ ጥላዋን ነገርኳት፣ ዝገቱን እጄ ላይ አሳየኋት። «ለሚስቴ የቀራትን ቆዳ ገፍፈሽ እግዜር ይስጥልኝ አስባልሽኝ» አልኳት። ማርታ በር ላይ ቆማ በእጇ አፏን ይዛለች።

በላይነሽ አላለቀሰችም። ይቅርታም አልጠየቀችኝም። ሎሚውን አስቀመጠች፤ «እኔ የሺ እንዳትታማ ብዬ ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው መሳቢያዋን ከፍቶ ያንን ጥቁር ነገር ቢያይ፣ ቤቷን ሳታጸዳ ሞተች አይልም?» አለችኝ። «ደግሞ እሷ ብትኖር መቼ ታስነካኝ ነበር። አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ ድስቷን ባጥብላት እጄን በማማሰያ መታኛለች። ሲቀላ ዋለ» አለች። እጇን ዘርግታ የተመታችበትን ቦታ አሳየችኝ፤ አሁንም ያለ ይመስል። ከዚያ ሳቀች። የሺ፣ እኔም ሳቅሁ። በር ላይ ያለችውም ሳቀች።

ዓመት ሙሉ ስንቱ ሰው «ደግ ነበረች፣ ደግ ነበረች» እያለ ሲያጽናናኝ ከረመ፤ አንቺን ግን ማንም አላመጣልኝም። ያመጣችሽ ይህች ሴት ናት፣ ከነማማሰያሽ። ይህም በራሱ አናደደኝ። ሳንቲሞችሽን የላጠች ሴት አንቺን እንዳለሽ ይዛሽ ከርማለች። ስለ ሳንቲሞቹ ይቅር አላልኳትም። ነገ በሰው ፊት ትሰማዋለች፤ ትስማ። ስለ ማማሰያው ግን ከቤተሰብ ጋር ከፊት እንድትቀመጥ ለማርታ ነግሬያለሁ።

ፎቶሽም ተቀይሯል። ማርታ የድሮውን አወጣችው። ንቅሳትሽ አለ፤ የግንባርሽ መስመር አለ። አኩርፈሻል። ካሜራ ባየሽ ቁጥር እንደምታኮርፊው ነው።

በላይነሽ ከሄደች በኋላ ዕቃውን ይዤ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። እውነትም ደብዝዘዋል። ዳር ዳራቸው መጥቆር ጀምሯል፤ ቆዳቸው እየተመለሰ ነው። የጠፋችው ዱላ አትመለስም፤ ጥላዋም አትመለስም። መልካቸው ግን ይመለሳል። ሙሉ ለሙሉ ሲጠቁሩ እኔ አላያቸውም። ማርታ ታያቸዋለች፤ ሎሚ እንዳይጠጋቸው ቃል አስገብቻታለሁ። በራሷ እጅ ጽፋዋለችና መካድ አትችልም።

ከመሀላቸው አንዷ ግን ከሌሎቹ ቀድማ ጠቁራለች። ጠርዟ ሳይሆን ፊቷ፣ ልክ ስንዴው ላይ። በማጉያሽ አየኋት። መስመር በመስመር የተደረደረ ነው። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ አውራ ጣቴን ጎኗ አድርጌ አስተያየሁት። የእኔው አሻራ ነው፤ በሳልስትሽ ዕለት ላለመጮህ የተጫንኳት። የእጄ ላብ መዳቡ ውስጥ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ሲጠቁር ከርሟል።

ስም መጻፍ አልችልም። ባንክ ስሄድም የምፈርመው በዚሁ ጣት ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌም እሱኑ አደርጋለሁ። ሳንቲምሽ ላይ ግን ሳላውቀው ቀድሜ ፈርሜያለሁ። ብታዪው «እጅህን!» ብለሽ ይህን ነጭ ቤት ታናጊው ነበር። እስክመጣ ድረስ የማስታውስሽ እንዲያ ስትጮሂ ነው። ያቺን ዝምተኛዋን ሴት እኔ አላውቃትም።

ባልሽ ደምሴ